ጣቃ፣ ቁራጭና አፉን የዘጋው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ድምፁ ስለሚያምር አይደለም፤ መዝጊያ ስለሌለው ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ደንበኛ ወገቡ ሳይለካ የጎረቤቱን ትዳር፣ የቀበሌውን ክስና የአንድ ሟች ኑዛዜ ሰምቶ ይወጣል። መርፌ በጥርሱ ይዞ እንኳ ያወራል። ሚስቱ ከእሱ ጋር ዕድሜዋን ስትገፋ አንድ ዘዴ ለምዳለች፤ እሱ ሲያወራ እሷ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሲጨርስ «እህ» ትላለች። ብዙውን ጊዜ ግን ሽንኩርቱ ቀድሞ ያልቃል።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅናው ዝም እንዲል የተፈረደበት። የፈረደችበትም የሚስቱ እህት ልጅ ናት።

ልጅቷ የእንስሳት ሐኪም ስትሆን የምትሠራው የዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጫማ ካርቶን በደረቷ አቅፋ ስፌት ቤቱ ገባች። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት የአነር ደቦሎች ተኝተዋል። አነር ያው የዱር ድመት ነው፤ እግሩ ረዘም ያለ፣ ቆዳው ነጠብጣብ፣ ጆሮው ለሌላ እንስሳ ተሰፍቶ በስህተት ለእሱ የደረሰ የሚመስል። የእነዚህን እናት አውራ ጎዳና ላይ የጭነት መኪና ገጭቶ ገድሏታል። ዓይናቸው ገና መገለጡ ነበር፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ የታጠበ ካልሲ አያህሉም።

«ቢሮው መጠለያ የለውም፤ የኔ ቤት ደግሞ ውሻ አለበት» አለች። «የናንተ ጓሮ ሰፊ ነው፤ ጋሼም ቀኑን ሙሉ ቤት ነው የሚውለው። አሁን ጡጦ መስጠትና ማሞቅ ነው። ሲጠነክሩ ሜዳ ወስደን እንለቃቸዋለን።»

ሬዲዮ እጁን ወደ ካርቶኑ ሰደደ። «አንቺ ብቻ ተያቸው። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ እያጫወትኩ…»

«እሱን ነው የማልፈልገው» አለችው። «አታወራቸውም፤ አትደባብሳቸውም፤ ስምም አታወጣላቸውም። የሰው ድምፅ ከለመዱ ሰው ሲጠራቸው ይመጣሉ። ሰው ሲጠራው የሚመጣ አነር ወይ በዱላ ተደብድቦ ይሞታል፣ ወይ ዕድሜ ልኩን ሽቦ ውስጥ ይቆለፋል። ከመልቀቄ በፊት እፈትናቸዋለሁ። ከወደቁ የሚሄዱት እንስሳት ማሳያው ነው። እዚያ ያለውን አንበሳ አይተኸዋል አይደል?»

አይቶታል። ያ አንበሳ ዓይኑን ግድግዳ ላይ ተክሎ የሚውል፣ ሕፃናት የኦቾሎኒ ልጣጭ ቢወረውሩበት እንኳ ዞር የማይል ነው። ሬዲዮ አፉን ከፈተ፣ ስለ አንበሳው የሚያውቀውን ሊያወራ አሰበና መልሶ ዘጋው።

ሚስቱ ሁሉንም ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር። ቢላዋዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «እነሱ ባሉበት ምንም አያወራም ነው ያልሽው?»

«ምንም፣ አክስቴ።»

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እያወቅሽ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

ቅርጫታቸው ከስፌት መኪናው ሥር ሆነ፤ ካውያው አጠገብ ሞቅ ስለሚል ነው። ደንበኛ በረንዳ ላይ እየቆመ ይለካ ጀመር፤ ያውም በምልክት። ሐኪሟ ሬዲዮ የሰው ጠረን እንዳይኖረው ብላ ሣር ውስጥ ተቀብሮ የከረመ ካፖርት አምጥታ አለበሰችው። ሚስቱም የፈለገችውን ጸጥታ ያገኘችው ከነሽታው ሆነ።

ሰፈሩ ይህን ጉድ ለማየት በበረንዳው በኩል ማለፍ አበዛ። ሬዲዮ ሳምንት አይቆይም የሚሉ ነበሩ። እሱ ግን ምላሱን ዋጠ። ወሬ ጉሮሮው ላይ ሲደርስበት ወደ ውጭ ወጥቶ ለአጥሩ ያወራና ይመለሳል። በጄ ያላለው አንዱን ነገር ብቻ ነው። ስም ማውጣት ክልክል ነው ቢባልም ሆዱ ውስጥ የሚያወጣውን ማን ያይበታል? ወንዱ እንደ ተጠቀለለ ጨርቅ ወፈር ያለ ስለነበር «ጣቃ» አለው፤ ሴቲቱ ከልብስ ተርፋ መሬት የወደቀች ስለምትመስል «ቁራጭ» ሆነች።

ጣቃ ጡጦውን ካየ ከነጎማው ሊውጠው ይደርሳል። ቁራጭ ግን አልጠባ አለች። አፏን ትከፍትና ትተወዋለች፤ የጎድን አጥንቷ ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። ሐኪሟ መጥታ አይታ ወተቱን ለወጠች፣ ጎማውን ለወጠች፣ በመጨረሻም ፊቷን አዙራ «እንግዲህ የምትተርፈው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል» አለች። ሬዲዮ ቁራጭን «አይዞሽ» ማለት ይፈልጋል፤ አይቻልም። ሊደባብሳት ይፈልጋል፤ አይቻልም። አንድ እጁ ጡጦውን እንደያዘ የሚያደርገው ቢያጣ እግሩ የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀመረ። ጨርቅ የለ፣ ክር የለ፣ ባዶውን። ከላይ መኪናው ር-ር-ር ሲል ቁራጭ ዓይኗን ጨፈነችና ጠባች።

ከዚያ ወዲያ የሬዲዮ ወሬ ሁሉ ወደ እግሩ ወረደ። ቁራጭን ሲያጠባ ይረግጣል፤ ሲያስተኛት ይረግጣል፤ ሲከፋውም ደስ ሲለውም ይረግጣል። የሚሰፋ ልብስ ሲያልቅ የተሰፋውን እየተረተረ እንደገና ይሰፋል። ሚስቱ ነገሩ ገርሟት አንገቷን ብቅ ስታደርግ በጣቱ ወደ ቅርጫቱ ያሳያታል፤ እሷም ሳቋን አፍና ትመለሳለች። ሕግ አልጣሰም። አልተነፈሰም፣ አልነካም። ይልቁንም እንደ እሱ ሕግ አክባሪ ያለ አልመሰለውም።

ሲያድጉ ጓሮው በሽቦ ታጠረላቸው፤ ሣሩም እንዲረዝም ተተወ። ምግባቸው ማን እንደሰጣቸው ሳያዩ በቀዳዳ ይገባል። ዝላይ የተማሩት በጎረቤት አውራ ዶሮ ነው። ይህ ዶሮ ገና ሳይነጋ መላውን ሰፈር የሚቀሰቅስ፣ የሕፃናትን ቁርጭምጭሚት የሚነክስ ዋልጌ ነበር። አንድ ጠዋት በጀብደኝነቱ ሽቦውን ተሻግሮ ገባ፤ የወጣው ላባው ብቻ ነው። ባለቤቱ ለደንቡ ያህል አጉረመረመ። ሰፈሩ ግን በማግሥቱ እስኪበቃው ተኛ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ስለ አነሮቹ ክፉ የሚያወራ ጠፋ።

የፈተናው ቀን ሐኪሟ ሬዲዮን ሽቦው አጠገብ አቆመችው። «በል አሁን አውራ» አለችው። «እንዳሻህ ጥራቸው።»

ስንት ወር ያጠራቀመውን ንግግር አዘጋጅቶ መጥቷል። ጉሮሮውን ጠረገና «ልጆቼ» አለ። ከዚያ በላይ አልሄደለትም። ሁለቱም ጆሯቸውን አጣጥፈው፣ ጥርሳቸውን አሳይተው እንደ እባብ ፉ አሉበትና ሣሩ ውስጥ ተሰወሩ።

«አለፉ» አለች ሐኪሟ፤ ፊቷ በራ። ሬዲዮም «እሰይ» አለ። በእጁ ያሳደጋቸው ልጆች እንደ ሌባ ሲያዩት ሰው ምን ይሰማዋል? እሱም ያው ተሰማው። ሆዱ ሲብሰው እንደለመደው ወደ ስፌት ቤቱ ገብቶ መኪናው ላይ ተቀመጠና ረገጠ።

ወዲያው ሐኪሟ በመስኮቱ በኩል ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ እግርህን አታቁም» አለችው። እየረገጠ ቀና ብሎ ወደ ውጭ አየ። ጣቃ ሣሩ ውስጥ እንደተደበቀ ነው። ቁራጭ ግን ወጥታለች። ከመስኮቱ ሥር ሽቦውን ተደግፋ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ተቀምጣለች።

ልብስ ሰፊው እየረገጠ «የሰው ድምፅ አይደለምኮ» አለ።

«የምንለቃቸው ረግረግ አጠገብ መንደር አለ» አለች። «መንደር ባለበት ልብስ ሰፊ አይጠፋም። ቀጥ ብላ በረንዳው ላይ ነው የምትቀመጠው። ያኔ ማን ይምራታል? ጣቃን ልልቀቀው…» ብላ ቆም አለች፤ ስሙን ከየት እንደሰማችው ግልጽ ነው፤ አጥሩ ወሬ አይቋጥርም። «እሷን ግን እንዲህ እያለች አልለቃትም።»

ዓይኑን ግድግዳ ላይ የተከለው አንበሳ ሬዲዮ ፊት ድቅን አለ። «ሌላ ዘዴ የለም?»

«መኪናውን መጥላት አለባት። መኪናው ሲረገጥ የሚያስደነግጥ ነገር ይድረስባት፤ ደጋግሞ። አንተ ይከብድሃል፤ ከቢሮ ሰው እልካለሁ።»

«የሌላ ሰው እግር አታውቅም» አላት። «የምታውቀው የኔን ነው።»

በማግሥቱ ባልዲ ውኃና ሁለት የድስት ክዳን መስኮቱ ሥር አሰናድቶ መርገጥ ጀመረ። ቁራጭ መጣች። ቦታዋን ያዘች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ሬዲዮ ውኃውን ሙሉ ለሙሉ ደፋባት፣ ክዳኖቹንም አንኳኳ። ወደ ሣሩ ፈረጠጠች። ጥቂት ቆይቶ ሲረግጥ ግን ስህተት ነው ብላ መሰለኝ እየተንጠባጠበች ተመልሳ መጣች። ይኼ ነው ልቡን የሰበረው።

ያን ጊዜ ወራት ሙሉ የታፈነው አፍ ተከፈተ። «አንቺ ወስላታ፣ አንቺ አልቃሻ፣ ይህን ሁሉ ወተት ያጠጣሁሽ ለበረንዳ ነው? ለልጣጭ መወርወሪያ ነው? ሂጂ ከዚህ፣ ዓይንሽን አልይ።» ውኃ ይደፋል፣ ክዳን ይመታል፣ ይሰድባል፤ እንባው ደግሞ በጢሙ ላይ ይወርዳል። ጎረቤት ባልና ሚስት ተጣሉ ብሎ ለግልግል ተሰበሰበ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ «ተዉት» አለቻቸው። «እኔን አይደለም። እኔን እንዲህ ወዶ ሰድቦኝ አያውቅም።»

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ቁራጭ ከሽቦው ርቃ መቀመጥ ጀመረች፤ ቀጥሎ ከሣሩ ዳር ሆና ጆሮዋን ብቻ አቆመች። አንድ ጠዋት ሬዲዮ ሲረግጥ ምንም አልመጣም። እንዳትመጣ እየለመነ፣ ምናለ ብትመጣ እያለ፣ እግሩ እስኪዝል ረገጠ። ሣሩ ንቅንቅ አላለም። ባልዲውን ወደ ቦታው መለሰና መኪናውን በጨርቅ ሸፈነው።

ረግረጉ ዳር ሲለቀቁ ሬዲዮም አብሮ ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት ጣቃ ወጣ፤ ቁራጭ ተከተለችው። በተረት እንደሚባለው ዞር ብላ አላየችውም። ረጅሙ ሣር ዋጣቸው፤ በቃ።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ክልከላው ተነሥቶ ሳለ ሬዲዮ አልተከፈተም። ልብስ በእጁ ይሰፋል፤ መኪናው እንደተሸፈነ ነው። ደንበኛ ሲገባ «ስንት ይጠር?» ይላል እንጂ የማንንም ትዳር አያነሣም። ሚስቱ መጀመሪያ አረፍኩ አለች፤ ቀጥላ ሐሳብ ገባት። ሽንኩርት ስትልጥ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የቢላዋው ድምፅ ብቻ ሆነ። ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ደርሶላት እንቅልፍ ነሣት።

ክረምቱ አልፎ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ሐኪሟ እየሳቀች መጣች። «ከረግረጉ መንደር ክስ ቀርቦብሃል፣ ጋሼ» አለችው። አንዲት አነር በየቤቱ እየዞረች ዶሮ ትለቅማለች። የማትደፍረው አንድ ግቢ ብቻ ነው፤ የዚያን መንደር ልብስ ሰፊ። መኪናው ር-ር-ር ካለ እሷ የለችም። መንደርተኛው ይህን ከደረሰበት ወዲህ ዶሮ ያለው ሁሉ ዶሮውን ከነቅርጫቱ እያመጣ በረንዳው ላይ ያስቀምጣል። ልብስ ሰፊው ስፌቱን ትቶ ባዶ መኪና ሲረግጥ ይውላል፤ በዶሮ ኩስ ተማሮም ቢሮ ድረስ መጥቶ አመልክቷል።

ሬዲዮ ክሩን አስቀመጠ። «ስትሄድ እንዴት ነው የምትሄደው? ቆም ብላ ታዳምጣለች?»

«የምን ማዳመጥ? እግሬ አውጪኝ ነው። ሰውም አይጠጋትም፣ ሰውም አትጠጋም። ደህና ናት፣ ጋሼ።»

ሬዲዮ ተነሥቶ ከመኪናው ላይ ጨርቁን ገፈፈ፤ ተቀመጠ፤ አንዴ ረገጠና ድምፁን አዳመጠ። ከጓሮ ማንም አልመጣም፤ መምጣትም አልነበረበትም። ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

ሚስቱ ይህን ሁሉ ከጓዳው በር ላይ ሆና አየች። ሽንኩርቱን ከነቢላዋው አስቀመጠች፣ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «በል ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው። «ካርቶኑ ከመጣ ጀምሮ።»

«ኧረ አንቺው እያየሽ አይደል እንዴ የሆነው?»

«ቢሆንስ?» አለችና እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

ሬዲዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያውስ ያን ቀን» ብሎ ጀመረ፤ እሷም ገና ከጅምሩ «እህ» አለች።