ለትልቁ መጽሔት

በጣልያን ጊዜ ቡሬ ላይ የአንድ ሐኪም አስተርጓሚ ነበርኩ። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ መርገሙ ይቀለኝ ነበር። በሽተኛ አይሳደብም፣ ሕፃን ሲያለቅስ ያባብላል። የሚያንገበግበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጽሑፉ በሕክምና መጽሔት ወጥቶ አገሩ ያሉ ሊቃውንት ስሙን እንዲያነሱት።

ክረምቱ ሲወጣ የሚያገረሽ ትኩሳት ገባ፤ ለቀቀኝ ሲሉት ተመልሶ የሚጥል። ሐኪሙ ለዚህ የሚሆን መርፌ ነበረው፣ ለሁሉም የሚበቃ። የወጋቸው እየተነሡ ወደ አዝመራቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ግን ሁለት የሕክምና መጽሔት፣ አንዱን ስመ ጥር አንዱን ትንሽ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንደ በግ ገዥ ያገላብጣቸው ጀመር።

«ትንሹ የዳኑትን ብቻ ብጽፍለት ይበቃዋል» አለኝ። «ትልቁ ግን ያልተወጉትስ ምን ሆኑ ብሎ ይጠይቃል። አንባቢ ያለው ደግሞ ትልቁ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሕሙማኑ ክፍል በር በስተግራ የተኙት ሳይወጉ ይቆዩ ተባለ።

በማግስቱ እናቴን ከሰከላ በቃሬዛ አመጧት። ባዶ የተገኘው መደብ በስተግራ ነበር።

እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ጌታዬ፣ ለትንሹ ይላኩት» አልኩት። አነሣኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እሷን ለይቶ ቢወጋ ሥራው ሁሉ እንደሚበላሽ፣ ሳይወጉ የሚድኑም ብዙ እንደሆኑ ነገረኝ። የመርፌው ሣጥን ቁልፍ ከአንገቱ አይወርድም ነበር።

እናቴ ማዶ ያሉት ሲወጉ እያየች፣ «ምነው ልጄ፣ አንተ እያለህልኝ እኔን ዘለሉኝሳ? ተጣላችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«ተራሽ ይደርሳል፣ እማ» አልኳት።

ትኩሳቱ ለቀቃት፤ እህል ቀመሰች፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ተመልሶ መጣና ገደላት።

ጽሑፉ ከወታደር መኪኖች ጋር በፍኖተ ሰላም በኩል ሄደ። ከብዙ ወራት በኋላ ትልቁ መጽሔት፣ ጉዳዩ ለአንባቢዎቻችን አይሆንም፣ ሌላ ዘንድ ይሞክሩ ብሎ መለሰው። ሐኪሙ አንድ ቀን ሲያኮርፍ ዋለና ለትንሹ ላከው። ትንሹ ሳይውል ሳያድር አወጣለት። ፊቱ ፈክቶ ገልጦ አሳየኝ፤ በስተቀኝ ተኝተው የዳኑትን አንድ በአንድ ተረጎመልኝ።

«በስተግራ የነበሩትስ?» አልኩት።

«እ፣ እሱን ክፍል ቦታ ጠበበን ብለው ቆርጠው ጣሉት» አለና መጽሔቱን አጠፈው።