ከግሪካዊው ጋር አቻ የወጣሁበት ቀን

በጃንሆይ ጊዜ ዲላ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የማጥብና የማሽግ ድሬሰር ነበርኩ። ቼዝ ያስተማረችኝ አብራኝ የምትሠራ ኖርዌያዊት ነርስ ናት። ጨዋታውን ከለመድኩ ገና መንፈቅ ሳይሞላኝ፣ በአካባቢው የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ዲላ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሊወዳደሩ ነው ተባለ። ግሪክ አለ፣ አርመን አለ፣ ህንድ አለ፣ አሜሪካዊ አለ። አንድ ሰው ሲጎድል ነርሷ ሳትጠይቀኝ እኔን አስገባችኝ።

የደረሰኝ ባገሩ ሻምፒዮን የነበረ ግሪካዊ የቡና ነጋዴ ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ “አይዞሽ፣ ቶሎ እንጨርሳለን” አለኝ በአማርኛ።

እውነቱን ነበር። ፈረሶቼን በላ፤ ንግሥቴን በላ፤ ወታደሮቼን አንድ በአንድ ለቀማቸው። ንጉሤ ብቻውን ቀርቶ ከጥግ ጥግ ይሯሯጣል። በመስኮት የተንጠለጠሉት ተማሪዎች “እጅ ስጪ! በቃ እጅ ስጪ!” ይሉኛል። እምቢ አልኩ። በእንዲህ ያለ ሰው ፊት መቀመጤ ራሱ ደስ ብሎኝ፣ መነሣት አልፈለግሁም።

ሰውዬው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ እያወራ ንግሥቱን ገፋ አደረጋት። ቦርዱን አየሁ። ንጉሤ ጥግ ላይ ነው፤ የነካው የለም። ግን ወዴትም ንቅንቅ ቢል ንግሥቲቱ ትበላዋለች። ነርሷ ያስተማረችኝ ትዝ አለኝ፤ ንጉሥ ሳይነካ መሄጃ ካጣ ጨዋታው አቻ ነው።

“መምህር፣ መሄጃ የለኝም” አልኩት ዳኛውን፣ ህንዳዊውን የሂሳብ አስተማሪ።

“ንጉሥሽ ተነክቷል?”

“አልተነካም!”

ጎንበስ ብሎ አየ። ደግሞ አየ። “አቻ!” ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ ተናወጠ። ግሪካዊው ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መትቶ ከት ብሎ ሳቀና እጄን ጨበጠኝ። “ነገ እንደገና!”

“ነገ ተረኛ ነኝ” ብዬው ወጣሁ። በዚያ ጭቃ ክሊኒኩ ድረስ ሮጥኩ። ነርሷ ከወናጎ የመጣ ገበሬ እጅ ላይ ፋሻ እየጠመጠመች ነበር።

“አቻ ወጣሁ!”

“ከማን ጋር? ከሱ ጋር? አሳዪኝ!” ፋሻውን ለቀቀችውና የመድኃኒት ጠርሙሶችን ንጉሥና ንግሥት አድርገን ጠረጴዛው ላይ ደረደርን። ንግሥቲቱ የቆመችበትን ሳሳያት እልል ብላ አቀፈችኝ። እልልታ ከእኛ ነው የለመደችው።

ገበሬው ፋሻው ከእጁ ተንጠልጥሎ ያየናል።

“ማን አሸነፈ?”

“ማንም” አልኩት።

“ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?”

ልናስረዳው ሞከርን፤ ሳቁ ግን አላስወራንም።