ኒው ኦርሊንስ ስትጥለቀለቅ የቡ ላይ የተሸጠ ጀንፈል

በ1997 ዓ.ም. ማብቂያ አውሎ ነፋስና ጎርፍ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቃት እኔ ጅማ ሆኜ ለአንድ ሬዲዮ እሠራ ነበር። ዜናውን ወደ አማርኛ የመለስኩትም ያነበብኩትም እኔ ነኝ። አድማጫችን ቡና አምራች ስለሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ከተማዋ ወደ አሜሪካ የሚገባው ቡና ከሚከማችባቸው ወደቦች አንዷ መሆኗንና መጋዘኖቿም ውሃ እንደገባባቸው። ስለ ዋጋ አንድም ቃል አላልኩም። ያልኩት ትክክል ነበር፤ ሁለት ጊዜ አጣርቼዋለሁ።

በሳምንቱ ስለ መንገድ ጥገና ልዘግብ ከጅማ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ወደ የቡ ከተማ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። አንድ ቡና ሰብሳቢ ሚዛኑን ዘርግቶ ጀንፈል ይገዛል። ይህን ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ገበሬው ለክፉ ቀን ብሎ ቤቱ ያስቀምጠዋል። የሚገዛበት ዋጋ ግን ካለፈው ገበያ በጣም ወርዷል።

«ምን ላድርጋችሁ?» ይላል። «አሜሪካኖቹ ሰጥመዋል። የሰጠመ ሰው ቡና ይጠጣል እንዴ? ሬዲዮው ራሱ ተናግሯል።»

ሁለት ጆንያ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከሚዛኑ አጠገብ ቆመዋል። ለሰብሳቢው ሲነግሩት እንደሰማሁት የባለቤታቸውን ዓይን ሞራ ሸፍኖታል፤ የጅማ ሆስፒታል ቀጠሮዋ ሰኞ ነው።

ወደ ሰብሳቢው ተጠጋሁ። «መጋዘን ውስጥ ያለው ከተበላሸ በምትኩ ሌላ ይገዛሉ። ታዲያ ዋጋው ለምን ይወርዳል?» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ዜናውን ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

ሳቀ። «እስቲ እንደ ሬዲዮ አውራልን!»

ሰው ተሰበሰበ። ድምፄን አስተካክዬ የዚያን ቀኑን ዜና ቃል በቃል አልኩላቸው። «ዱጋ! እውነት ነው፣ እሱ ነው!» አለች አንዲት ሴት። ሰብሳቢው እጁን አጨበጨበ። «ሰማችሁ? ውሃ ገብቶበታል አለ እኮ! እኔ ምን ዋሸሁ?»

«አባባ፣ ዛሬ አይሽጡ፤ ሌላ ገዢ ይፈልጉ» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«ልጄ፣ በሬዲዮ ያልከውን ልመን ወይስ እዚህ የምትለውን?» አሉኝና ጆንያውን ወደ ሚዛኑ ገፉት።

ጅማ ስመለስ በቀጥታ ወደ አለቃዬ ገባሁ። የጎርፉ ዜና ዋጋ ለማውረድ ምክንያት እንደማይሆን የሚገልጽ አንድ መስመር እንድናነብ ለመንኩት።

«ማስተካከያ የሚነበበው ስህተት ሲኖር ነው» አለኝ። «የቱ ጋ ተሳሳትክ?»

የትም አልተሳሳትኩም። ያንን መስመር መጀመሪያውኑ መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አለመጻፌ ግን ማንም ሊያርመው የሚችለው ስህተት ሆኖ አልተገኘም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሽማግሌውን ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘኋቸው። ሚስታቸውን እጇን ይዘው እየወጡ ነበር። የያዙት ገንዘብ ለሕክምናው ስላልበቃ ቀጠሮው ወደ ቡና ለቀማው ማግስት ተዛውሯል። እስከዚያ እየመሯት ይቆያሉ። ሰላምታ ሰጡኝ፤ ቂም የለባቸውም።

«እነዚያ ጎርፍ የወሰዳቸው ሰዎችስ፣ ልጄ፣ ወጡ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የወጡ አሉ፤ ብዙ የሞቱም አሉ» አልኳቸው።

«ያ ረቢ፣ እዘንላቸው» አሉ። ሚስታቸውም «አሚን» አለች።

ስለ ሰብሳቢው አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ተናገርኩ። እዚያው በር ላይ፣ ዘበኛውና ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለዜና ተጠቅሜበት በማላውቀው ድምፅ ሌባ ነው ብዬ ጮህኩ።