ግመሏ ውሃ የጠጣችበት ቢላዋ

አባቴ መካኒክ ነበር። መርሳ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረችው። ቢላዋ መሥራት የጀመረው ማንም ሳያዘው ነው። ከደሴ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ውርጌሳ አካባቢ ከሥራቸው ሸክሙን የሚችለውን ባሌስትራ ሲሰብሩ እኛ ዘንድ ይደርሳሉ፤ አዲሱን ይገጥምላቸውና ስብርባሪውን ጓሮ ይከምረዋል። አንድ ቀን ከክምሩ አንዱን አነሳና በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው።

"ይህ ብረት ቁጡ ነው" አለኝ። "ብቻውን ከተውከው ይሰበራል። ለስላሳ ጎረቤት ያስፈልገዋል።"

ለስላሳው ጎረቤት ያረጀ ማረሻ ሆነ። ሁለቱን ብረቶች በየተራ ደራርቦ በሽቦ ያስራቸውና ከሰል ውስጥ ይቀብራቸዋል፤ እኔ ወናፍ እነፋለሁ። ግለው ሊቀልጡ ሲደርሱ ደቃቅ አሸዋ ነስንሶ አንድ እስኪሆኑ ይቀጠቅጣቸዋል፣ ሲረዝሙ ያጥፋቸዋል፣ እንደገና ያግላቸዋል። ሞርዶ፣ ስሎ፣ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነክሮ ሲጨርስ ቢላዋው ተራ ቢላዋ ይመስላል፤ ግራጫ ነው፣ ምንም የለበትም። ያኔ ሎሚ ይሰነጥቅና ያሸዋል። ትንሽ ቆይቶ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ከውስጡ ብቅ ይላሉ። አንዱ ቢላዋ ያወጣውን መስመር ሌላው አይደግመውም።

ሹፌሮቹ ይቀልዱበት ነበር። "መኪናዬን ጤነኛ አድርገህ መልስልኝ እንጂ፣ ባሌስትራዬን ሽንኩርት መክተፊያ እንዳታደርገው" ይሉታል። አባቴ ከመኪናው ሥር ሆኖ "አንተ እንደምትነዳው ከሆነ መክተፊያ መሆኑ ይሻለዋል" ይላቸዋል።

አፎቱን የምሠራው እኔ ነበርኩ። የበሬ ቆዳ አርጥቤ ቢላዋው ላይ እጠቀልለውና በወስፌ እየበሳሁ በጅማት እሰፋዋለሁ፤ ሲደርቅ የቢላዋውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ትምህርቴን ትቼ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቃተኝ ጊዜ ነው። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ግጥም እጽፋለሁ፤ ጎህ ሲቀድ ሲሪንቃ ድረስ በእግሬ ሄጄ ያለ ምንም ጉዳይ እመለሳለሁ። አንድ ቢላዋ ሎሚ በተቀባ ቁጥር ደግሞ መስመሩ ምን እንደሚመስል ሳልናገር አላልፍም።

"ትናንት የሴት ሹሩባ አልክ፤ ዛሬ ጭስ ትላለህ" አለኝ አባቴ አንዴ። "ቢላዋው ቆሟል፤ የማትቆመው አንተ ነህ።"

ሎሚው የሚመጣው ከጎረቤታችን ከሐጂ አትክልት ቦታ ነው። ሐጂና አባቴ ሰው ፊት አንቱ ይባባላሉ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ አንተ። እህቴ ልትዳር ሲሆን አባቴ ከአንድ ብረት ሁለት ቢላዋ ቀጠቀጠ። አንዱ የራሱ ነው፤ በእሱ ለክርስቲያኑ እንግዳ በሬ ያርዳል። ሌላው ለሐጂ ስጦታ ነው፤ እሳቸው ለሙስሊሙ እንግዳ በግቢያቸው ያርዱበታል። በእኛ አገር ድግስ ሁለት ዳስ ይጣላል፣ ሥጋውም ቢላዋውም ለየብቻ ነው፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። እጀታቸውን ከአንድ ቀንድ አወጣ። እኔም አፎታቸውን መንታ አድርጌ ሰፋሁ።

"አንዱ ላይ ቀይ ክር ጣል አድርግበት" አለችኝ እናቴ።

"ምን ያደርጋል?" አለ አባቴ። "አንዱ የሚያድረው እዚህ፣ ሌላው እዚያ። የት ተገናኝተው ይቀላቀላሉ?"

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ተገናኙ። በሬያችን አስቸጋሪ ነበርና ሐጂ ገመድ ሊይዙልን መጡ። ወገባቸው ላይ የሻጡት ቢላዋ ጎናቸውን ሲወጋቸው አውጥተው እንጨት ክምሩ ላይ አኖሩት። አባቴ አርዶ ገፎ ሲጨርስ የራሱን ቢላዋ በአመድና በሎሚ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አፎቱ ከቶ እዚያው ክምር ላይ ወረወረው። ከዚያ እንጨት የፈለገች አንዲት ሴት ሁለቱንም አንስታ ግድግዳው ሥር አስቀመጠቻቸው።

ሐጂ ሊያርዱ ሲነሱ እጃቸው በሁለቱ መካከል ቆመ።

ሌላ ቢላዋ ጠፍቶ አልነበረም። ግን ሐጂ ለሳምንት ያህል ገበያ ላይ ያገኙትን ሁሉ አስቁመው፣ ጎረቤታቸው በሠራላቸው ቢላዋ እንደሚያርዱ ሲናገሩ ከርመዋል። አሁን ካልለዩት ዛሬም አያርዱበትም፣ ወደፊትም አይነኩትም፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። አባቴ ይህን ሲያስብ ፊቱ ሲቀየር አየሁት። የሐጂ እንግዶች አጥሩ ጋ ተሰብስበዋል።

"በጎቹ እያረጁ ነው" አለ አንዱ።

"ዝም በል" አሉት ሐጂ ፈገግ ሳይሉ። "ሌላ ቢላዋ ላስመጣ መሰለኝ" አሉ ቀጥለው፣ ወደ አባቴ ሳያዩ።

አባቴ ሁለቱንም ከአፎታቸው መዝዞ ፀሐይ ላይ ያዛቸው። እጀታው ያው፣ ርዝመቱ ያው። ቀስ ብሎ አገላበጣቸው።

"ግመሏ የታለች?" አለ።

እንግዶቹ ግመል ፍለጋ ወደ መንገዱ ዞሩ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ሐጂ ቢላዋቸውን ሊወስዱ ጋራዡ የመጡ ዕለት እጀታው አጠገብ ያሉትን ክቦች ለእሳቸውም ለአባቴም አሳይቻቸው፣ ግመል ጠጥታ አፏን ያነሳችበት ውሃ ይመስላል ብዬ ነበር። አባቴ ያኔ "አሁን ደግሞ ግመል መጣች" ብሎ ወደ ሥራው ዞረ፤ የሰማኝም አልመሰለኝ።

"ይቺውና" አለ አሁን፣ ጣቱን ክቦቹ ላይ አድርጎ። የራሱን ቢላዋም ገልብጦ አሳያቸው፤ መስመሩ እንደ ትልም ቀጥ ቀጥ ያለ ነው።

ሐጂ ቢላዋውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። "ወላሂ ግመሌ ናት" አሉ። "ይህ ልጅህ ሲያወራ እኮ እየሳቅኩበት ነበር።" ልጅህ ያሉት ሰው ፊት ነው፤ ማንም ልብ አላለውም። ቢስሚላህ ብለው ሲያርዱ አባቴ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ጨርሰው ቢላዋውን እስኪጠርጉት ድረስ አየ።

ያ ሁሉ የሆነው ወሎን የመታው ድርቅ ሳይመጣ ነው። ከሠርጉ በኋላ በነበሩት ወራት አባቴ ጥቂት ቢላዎች ሠራ። እያንዳንዱን ሎሚ ቀብቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ይገፋውና፣ ከመኪናው ሥር እየገባ፣

"እሺ፣ ይቺስ ምን ትመስላለች?" ይለኛል። "ቶሎ በል፣ ሥራ አለብኝ።"