አውቶቡሱ የሚቆምበት ፊልም

ስቱዲዮ ውስጥ «ልጅቷ» ነው የሚሏት። ልጅቷ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ መነጽር ካላደረገች ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን ይሆንባታል። ግን የውጭ አገር የወጣቶች የፍቅር ፊልም በእኛ ቋንቋ ሲናገር ሰምታችሁ ከሆነ፣ ያቺ ደብተሯን ደረቷ ላይ ታቅፋ የምትሽኮረመመው የአስራ ስድስት ዓመት ተማሪ ድምፅዋን ያገኘችው ከእሷ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አፍቅራለች፣ ተኳርፋለች፣ ዝናብ እየወረደባት ታርቃለች፤ ሁሉንም ግድግዳው ስፖንጅ በተለጠፈበት፣ ቁም ሳጥን በሚያህል ክፍል ውስጥ፣ በነጠላ ጫማ።

የዚያን ቅዳሜ ረፋድ የሚቀረጸው የፊልሙ መጨረሻ ነው። መጨረሻውን እናንተም ታውቁታላችሁ፦ ልጁ ከተማውን ለቅቆ ሊሄድ አውቶቡስ ላይ ወጥቷል፣ ልጅቷ እየሮጠች ትደርሳለች፣ ትጮሃለች፣ ሹፌሩ ያቆማል፣ ተሳፋሪው ያጨበጭባል። የእሷ ድርሻ አንድ መስመር ነው፤ «ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ!» ይህን በእንቅልፍ ልቧም ትለዋለች። ዛሬ ግን ዓይኗ ከጽሑፉ ይልቅ ሰዓቱ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራሷ ልጅ፣ እሷም አስራ ስድስት የሞላት፣ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ፀጉሯን ስትሠራና ስታፈርስ ቆየችና፣ አውቶቡስ መናኸሪያ እሄዳለሁ አለች። ሁለት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ አብሯት የተቀመጠው፣ ቀጮ የሚሉት ልጅ፣ ጠቅልሎ አጎቱ ጋ ሊሄድ ነው፤ በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደምትወደው ትንፍሽ ብላለት አታውቅም። ዛሬ ልትነግረው ነው። እናት ሆዬ በስልክ ብትነግሪውስ አለች።

«አይ እማዬ፣ በስልክማ እንዴት ይሆናል? አንቺ ራስሽ ስንቴ ሮጠሻል!»

እውነትም ሮጣለች፤ ስፖንጁ ውስጥ።

«ድገሚው፤ የእናት ድምፅ ሆነብሽ» አላት ድምፅ ቀጂው ከመስታወቱ ማዶ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሆድ ሲጮህ እንኳ የሚሰማ ጆሮ ስላለው ነው። ደገመችው። አሁንም ድገሚ አላት። ሰባተኛው ላይ ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አወለቀች። የፊልሙ ሹፌር የሚቆመው አቁም ተብሎ ተከፍሎት ነው፤ የመናኸሪያው ሹፌር ማን ከፈለውና? ልጇ ያ ሁሉ ሰው ፊት ስትጮህ፣ አውቶቡሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሲሄድ ታያት። መጣሁ እንኳ ሳትል ወጣች፤ በነጠላ ጫማዋ።

ታክሲው መንገድ ተዘጋበት። ወረደችና የቀረውን በሚያማት ጉልበቷ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ሮጠች። የእውነት ስትሮጥ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። ደርሳ ስታይ አራተኛው መውጫ ባዶ ነው፤ ልጇ ብቻ ከቁጥሩ ሥር ቆማለች፣ ዓይኗ ደም መስሏል።

እያለቀሰች ነገረቻት። በፀጉሯ ምክንያት ዘግይታ ስትደርስ አውቶቡሱ ቀስ እያለ መንቀሳቀስ ጀምሯል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ቀጮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። አጠገብ አጠገቡ እየሮጠች ያንኑ መስመር ጮኸችለት፤ «ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ!» እሱም ሰምቶ ቀና አለ። ግን ከሹፌሩ ራስ በላይ ስክሪን አለ፤ እዚያ ላይ እንደ ልማዳቸው ፊልም ከፍተዋል፤ ፊልሙ ደግሞ ከእናቷ የድሮ ፊልሞች አንዱ ነው። የእናትና የልጅ ድምፅ አንድ ነው፤ በስልክ አባትየው እንኳ ይሳሳታል። ቀጮ ቀና ብሎ ስክሪኑን አየ። እሷን አላየም። ስክሪኑን እያየ ፈገግ አለ፣ አውቶቡሱም ሄደ።

«ሌላ ድምፅ አጥተሽ ነው ይሄን የሰጠሽኝ?» አለች ልጅቱ።

እናት ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ግን የምን ብላ ይቅርታ ትጠይቅ?

የልጇ ስልክ ጠራ። ቀጮ ነው። ልጅቱ አላነሳም አለች፤ ስልኩን እናቷ እጅ ላይ ጣለችው። አንቺ አናግሪው፣ አይለየንም፣ ደግሞ አንቺ ታውቂበታለሽ አለቻት።

«ሄሎ» አለች እናት።

«አውቶቡሱ ላይ ፊልም ከፍተዋል» አለ ልጁ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «ልጅቷ ልክ እንዳንቺ ነው የምታወራው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ልወርድ ምንም አልቀረኝ።»

የሃያ ዓመት መስመር ሁሉ አፏ ላይ ተሰለፈ። አንዱን ብትለቀው ነገሩ ያልቃል፤ ልጁም እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ይቀልጣል። እግዜር ይቅር ይበላት፣ አማራት። ከንፈሯን ነክሳ ስልኩን መለሰችላት።

«የደወለው ላንቺ ነው» አለቻት።

ልጅቱ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ድምፅ ቀጂው ቢሆን ይህን ቆርጦ ይጥለው ነበር። ከዚያ በለቅሶ በታፈነ፣ ፊልም ላይ ተሰምቶ በማይታወቅ ድምፅ፣

«ጃኬትህን ይዘሃል?» አለች። «እዚያ ይበርዳል አሉ።»

ከወዲያ የተባለውን እናት አልሰማችም። ልጇ ግን ሳቀች፤ ጀርባዋን ሰጥታትም ራቅ ብላ ሄደች። እናት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ስለ ጃኬቱ የተባለውን በለሆሳስ ለራሷ ሞከረችው፤ ሃያ ዓመት ድምፅዋን ካበደረቻቸው ልጆች ከአንዳቸውም አፍ ጋር አልገጥም አለ።