ጋሽ ታደሰ ሰብለን አልመረጧትም

ዛሬ ጋሽ ታደሰ ጓደኛዬን ሰብለን ፊት ለፊት "አልመርጥሽም" አሏት።

ሰብለ እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ለትምህርት ቤት ቦርድ እየተወዳደረች ነው። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች ለዓመታት በነጻ ስታስተረጉም የኖረች ናት።

ጋሽ ታደሰ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሊባረር ሲል አብራቸው ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ገብታ የተከራከረችላቸው እሷ ናት።

ምርጫ ጣቢያው በር ላይ "ልጄ፣ የየትኛው ፓርቲ ነሽ?" አሏት።

"ጋሼ፣ ለዚህ ቦታ እኮ ፓርቲ የለም።"

በሩ ላይ የሚታደለውን፣ ፓርቲያቸው የሚደግፋቸው እጩዎች ስም ያለበትን ወረቀት አዩና "ስምሽ እዚህ የለም። አልመርጥሽም፤ እንዳትቀየሚኝ" ብለው ገቡ።

(የትምህርት ቤት ባስ ሲዘገይ "ሹፌሩ የየትኛው ፓርቲ ነው?" ያለ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።)

"በምርጫ ወረቀቱ ላይ ከእጩው ስም ጎን የፓርቲው ስም ይጻፍ፤ ሰው አውቆ ይምረጥ" የሚሉ አሉ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ግን ጋሽ ታደሰ እኮ ሰብለን ያውቋታል!

ሲወጡ "ጌታ ይርዳሽ" አሏት። "አሜን ጋሼ" ብላ እጃቸውን ይዛ መኪናቸው ድረስ ሸኘቻቸው።

ስትመለስ ነው ያለቀሰችው።

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግም ሌላም ጋ ያላችሁ፣ የሚያውቃችሁ ሰው በፓርቲ ምክንያት እንዲህ አልፏችሁ ያውቃል? እናንተ ምን አላችሁ?