ያለ አስታማሚ ያስወጣኋቸው ሽማግሌ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው ሰሚ እርስዎ ነዎት።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በነርስነት በምሠራበት ሆስፒታል፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሁለት አዛውንት ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። አንደኛዋ ከማንኩሳ ከተማ የመጡ እናት ነበሩ። ልጃቸው እስኪመጣ ሦስት ቀን አቆየኋቸው፤ እንዴት እንደሚጠብቃቸው ቁጭ ብዬ አስረዳሁት፤ ስማቸውንና ቀበሌያቸውን ጽፌ ነጠላቸው ላይ ሰፋሁላቸውና ከልጃቸው ጋር ሸኘኋቸው። ሁለተኛው ከሽንዲ በታች፣ ከቆላው የመጡ ጉሙዝ ነበሩ። ልጃቸው ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ "እህቴ፣ ረቡዕ ጠዋት እመለሳለሁ። ብቻውን እንዳትለቂው፣ ቤቱን አያውቅም" ብላኝ ነበር። እሺ አልኳት።

ያን ማክሰኞ አልጋ ተፈለገ። ማንን ላስወጣ? ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም። በየስብሰባው ስለ ብሔር ብሔረሰቦች እኩልነት ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ እሳቸውን ግን "ተነሥ አንተ!" አልኳቸው። የማንኩሳዋን እናት አንድ ቀን አንቺ ብያቸው አውቃለሁ? ሽማግሌው የአልጋውን ብረት ሙጭጭ አድርገው ያዙ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ፈለቀቅኋቸው። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ተገንጥሎ ደሙ እጄ ላይ ፈሰሰ፤ አልተውኳቸውም። እየጎተትኩ ከበር አደረስኳቸው።

ዘበኛው ሳቀ። "ሲስተር፣ ምን አስጨነቀሽ? እነሱ እንደሁ ዓይናቸው ታስሮም ቆላቸውን አያጡት!"

አመንኩት። የተማርኩት እኔ፣ ስማቸውን የረሱ ሰው መንገዱን በዘራቸው ያውቁታል ብዬ አመንኩ።

አሥር ሰዓት ላይ በቃሬዛ መለሷቸው። ቤቴ ብለው የሰው ቤት ገብተው፣ የሰው መደብ ላይ ተኝተው ተገኙ። "ሌባ!" ተባለና ሰፈሩ በዱላና በድንጋይ ወረደባቸው። መንጋጋቸው ተሰብሯል፤ አንድ ዓይናቸው ፈስሷል። ግንባራቸውን ስሰፋ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። አላወቁኝም። ደበደቧቸው እላለሁ፤ መጀመሪያ ያደማቻቸው እጅ የማን ነበረች? የእኔ። እኔ ነኝ።

ረቡዕ ሲነጋ ሞቱ። ካርዳቸውን አወጣሁና "ራሳቸው ጠፍተው የሄዱ" ብዬ ጻፍኩበት። ልጃቸው እንዳለችው በጠዋት መጣች። "ከእጃችን አምልጠው ወጡ፤ ሰፈር ውስጥ ተደብድበው ሞቱ" አልኳት። ጮኸች፤ ፊቷን ነጨች፤ ከዚያ እግሬ ላይ ወደቀች።

"አስቸገረሽ፣ እህቴ። ስለ እሱ ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ብያለሁ" አልኳት።